«አልቀልልም» ያልሁ ቀን

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፷፫ ዓ.ም.፣ ሚካኤል። ሞጣ።

ዛሬም ሽሮ። ራሴ ሠራሁት፣ ራሴ በላሁት፣ ድስቱንም ራሴ አጠብሁ። ግራ ጉልበቴን ብርድ ይዞታል። ጎረቤቴ መ/ጌታ ጥበቡ ከቅዳሴ መልስ መጡ፤ እኔ እላለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ላሳምረው ይላሉ። አያሳምሩ፣ እንደወጣ ይጻፉት አልሁ። አንተ ደብተር፣ ከአከራዬ ከሐጂ ሰይድ ሱቅ የገዛሁህ የማወራው ሰው ባጣ ነው። ለጌጥ አይደለም።

ከብቸና ሰው መጣ። የልጄ የጥሩወርቅ ልጅ፣ እናኑ፣ በጥር ልትዳር ነው። ሰማንያዋ፣ የጋብቻ ውሏ፣ ሲጻፍ ዋሷ እኔ እንድሆን ልካብኛለች። ሌላ አልፈልግም፣ አያቴ ነው ብላለች። ስሜን ለወረቀት የፈለገ ሰው ከስንት ዘመን ወዲህ! እሺ በላት አልሁ። መልእክተኛው ውኃ እንኳ ሳይጠጣ እሺ አልሁ።

ጥቅምት ፳፩፣ ማርያም። ከቀኑ ፱ ሰዓት።

ከብቸና ዛሬ ገባሁ። በጭነት መኪና፣ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። አጥንቴ ተፈጨ።

ሙሽራው አስተማሪ ነው። ሰማንያው በፍ/ቤት ይመዝገብልኝ ብሏል። ስለዚህ አስቀድሜ መዝገብ ቤት ሄድሁ። ጸሐፊው ተቀጥተው ያውቃሉ ወይ አለኝ። አዎን አልሁ፣ አልደበቅሁም። በ፶፬ ዓ.ም. እዚያው ብቸና ስኖር የድንበር ጎረቤቴን ባዬን በዱላ መትቼ አንድ ዓይኑን አጥፍቻለሁ። ሦስት ዓመት ጽኑ እስራት፣ ቀን ሳላጎድል ጨርሼ ወጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሞጣ ነኝ። ብዕሩን አስቀመጠ። እንግዲያ ዋስ አይሆኑም አለ። ውል ላይ ምስክርም አይሆኑም። ፍርዱ መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ።

ታስሬ ጨርሻለሁ እኮ!

እስራቱ ያልቃል፣ መዝገቡ አያልቅም አለኝ። ግን ከወጡ አምስት ዓመት ስላለፈዎት አመልክተው መሰየም ይችላሉ አለ።

እኔ በስተርጅና ሹመት አልፈልግም አልሁት። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ ደጃዝማች ብሎ እጅ ነሳኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ልጄ ቤት እንኳ አላደርሁም።

መ/ጌታ አሁን አስረዱኝ። በግዕዝ ሤመ ማለት ሾመ ነው፣ ሰመየ ማለት ስም አወጣ ነው፣ የእርስዎ ሁለተኛው ነው አሉ። ስምዎን ይመልሱልዎታል ማለት ነው፤ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል። እንዲያ በአማርኛ አይናገርም ነበር ያ ጸሐፊ?

ጥቅምት ፳፰፣ አማኑኤል።

ማመልከቻው ተጻፈ። አንድ ነገር ጎደለ። ጠባዬን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ችሎት ቀርበው መመስከር አለባቸው። ዘመድ አይሆንም።

መ/ጌታ አንድ። ሐጂ ሰይድ ሁለት። አምስት ዓመት ቤቴን ስትከራይ ክፉ ቃል አልወጣህም፣ ደግ ቃልም አልወጣህም፣ ያየሁትን እናገራለሁ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ የለም።

ኅዳር ፩፣ ልደታ።

የለም።

ማኅበር አልገባሁም። ለቅሶ ስደርስ ከኋላ ቆሜ እመለሳለሁ። በዓል ሲሆን በሬን እዘጋለሁ፣ እንዳይጠሩኝ። አሁን ማን ያውቀኛል? ሰው አልበደልሁም፤ ግን አልበደልሁም የሚልልኝ ሰው ከየት ይምጣ? ጠላ ሻጯን ጠየቅኋት። ስምዎ ማን ነበር አባባ አለችኝ።

ኅዳር ፲፬፣ አቡነ አረጋዊ።

ዛሬ መ/ጌታን በሩን ይዝጉት አልሁ። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም።

ያኔ ዳኛው ጥፋተኛ ነህ አለኝ። ዓቃቤ ሕጉ ቅጣቱ ይክበድልኝ አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ ማቅለያ ካለህ ተናገር አለ።

እኛ ዘንድ ቀለለ ማለት ምንድን ነው? ክብሩን ጣለ፣ ሰው ናቀው ማለት ነው። ባዬ በአንድ ዓይኑ እያየኝ፣ አገር ተሰብስቦ፣ ና ቅለል የተባልሁ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። «እኔ አልቀልልም!» አልሁ። ዳኛው እንደገና ጠየቀኝ። «አባቴም አልቀለለ፣ እኔም አልቀልል!» አልሁ። ተከሳሹ ማቅለያ አላቀረበም ተብሎ ተጻፈ። ሦስት ዓመት።

ወህኒ ቤት አንድ ነገረ ፈጅ ታስሮ ነበር። ሲሰማ እጁን ከአፉ ላይ ጫነ። ማቅለያ ማለት ቅጣቱን የሚያቀልልህ ምክንያት ነው አለኝ። ከዚያ በፊት ተቀጥቼ አላውቅም፤ ሽማግሌ ነኝ፤ ድንበር ላይ ስንጣላ ባዬ የሞተች እናቴን ሰድቦ ነበር የጀመረኝ። ይህን ብትናገር ኖሮ አንድ ዓመት ነበር የሚፈረድብህ፣ ምናልባትም በገደብ ቤትህ ትገባ ነበር አለኝ።

ባለቤቴ ዘነቡ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ዓይኗን የከደነላት ጎረቤት ነው።

ለልጄ ለጥሩወርቅ ዳኛው ጉቦ በልቶ ፈረደብኝ አልኋት። አምናኛለች። እስከ ዛሬ ያንን ሰው ትረግማለች። ሁለት ጊዜ የጠየቀኝን ሰው።

መ/ጌታ ብዕራቸው ቆመ። ይጻፉ አልሁ።

ኅዳር ፳፬፣ ተክለ ሃይማኖት። የገበያ ቀን።

ባዬ በቅሎ ሊሸጥ ከብቸና ሞጣ ይመጣል። ሁሌም ይመጣል። ሳየው መንገድ ለውጬ ነው የማልፈው። ዛሬ ቀጥ ብዬ ሄድሁ።

ገና አፌን ሳልከፍት ሳቀ። ምነው ዛሬ በደኅናው ዓይኔ በኩል መጣህ አለኝ።

አልገባኝም።

«አምስት ዓመት ሙሉ በጠፋው ዓይኔ በኩል ነው የምታልፈው። አላየኝም ብለህ። ሳልህን እኮ እሰማለሁ፣ አያ ደምሴ! ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አልመታኸኝም።»

ዋስነቱን፣ የእናኑን ነገር፣ ሦስተኛ ሰው ማጣቴን ነገርሁት። የበቅሎዋን ጆሮ አሸ። ማቅለያ ልትለምን መጣህ አለኝ። እንግዲህ ስድብ ነው ብዬ ልሄድ ነበር። አልሄድሁም። አዎን አልሁ።

ያኔ ነገረኝ። ችሎት ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር። እናቱን ሰደብሁበት፣ እኔ ነኝ የጀመርሁት ሊል ነበር። ቄሱ ያንን ሳትናገር አላቆርብህም ብለውት ነበር። ግን አልቀልልም ብዬ ስጮህ እሱም ተናደደ። ካልፈለገ ይክበደው አለ። አፉን ዘጋ።

እሱ አፉን ዘጋ፣ እኔ አፌን ከፈትሁ፣ ዘነቡ መካከል ላይ ሞተች።

እግሩ ላይ ወደቅሁ። ገበያ መካከል፣ በቅሎ መካከል። በዕድሜ እኔ ነኝ ትልቁ። ተነሥ፣ ሰው ምን ይለኛል እያለ በብብቴ ይዞ አነሣኝ። ሁለታችንም አለቀስን። አንዱ መንገደኛ በቅሎዋ ሞታ ነው ወይ አለ።

ታኅሣሥ ፳፱፣ ልደት።

ባለፈው ሳምንት ብቸና ተሰየምሁ። መ/ጌታና ሐጂ ሰይድ ተናገሩ። ባዬ ሦስተኛ ገባ። ዳኛው ሌላ ሰው ነው፤ ተበዳዩ እርስዎ አይደሉም እንዴ አለው። ነኝ አለ። ታዲያ ስለ ጠባዩ ምን ያውቃሉ? ባዬ ጉሮሮውን ጠረገ፦ እኔን ላለማየት ሲል ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሰው ነው፣ ክፉ ሰው እንዲህ አይደክምም አለ። ዳኛው ሳቁን ዋጠው። ይሰረዝ ተባለ።

ጸሐፊው የቀለም ሳህን አቀረበልኝ። ወህኒ ሲያስገቡኝ ዐሥሩንም ጣቴን ነክረው ነበር የወሰዱት። አሁን ግን አንዱን ብቻ ጠየቁኝ። አውራ ጣቴን ሰጠሁ።

ጥር ፱። ሞጣ። ጠዋት።

ሰማንያው በ፲፫ ነው። የቤቱን ቁልፍ ለሐጂ መለስሁ። አልመለስም፤ ብቸና፣ ዘነቡ በተቀበረችበት እቀመጣለሁ። ሐጂ ባዶ ቤት አያሳዝነኝም፣ አንተ ስትኖርበትም ባዶ ነበር አለኝ። ደግሞ ለመንገድ ቴምር ሰጠኝ።

አንተን ይዤህ እሄዳለሁ። እናኑ ማንበብ ታውቃለች። መ/ጌታ ይህን ሰምተው የኅዳር ፲፬ን ገጽ ልሰርዘው ወይ አሉኝ። ጥሩወርቅ እንዳትሰማው አስበውልኝ ነው። ፍ/ቤቱ የእርስዎን ሰርዞ የለም ወይ አሉ።

አይሰርዙ። ፍ/ቤቱ የሰረዘው የባዬን ዓይን ነገር ነው። የዘነቡን ነገር የጻፈ ፍ/ቤት የለም። ሰማንያው ሳይጻፍ፣ ጣቴን ሳልነክር፣ እናኑ ጮክ ብላ ለእናቷ ታነበዋለች። እኔ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። በሩ ክፍት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ዋስ ሁን ካለችኝ እሆናለሁ። ካላለችኝ ደግሞ

የመኪናው ጡሩምባ ነው። መ/ጌታ፣ ቀለሙ ይድረቅ፣ ደብተሩን አይዝጉት።