ሳሙና የማያስለቅቀው ጥቁረት

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? ልጆቹስ? እኔ ቀኝ ትከሻዬ ተሰብሮ፣ ግንባሬ ተሰፍቶ ተኝቻለሁ፤ ነፍሴ ግን አለች። በግራ እጄ ስለምጽፍልሽ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትሳቂብኝ።

ፋብሪካችን ውስጥ ጀርም እንዲገድል የቁስል ፋሻ የምንነክርበትን ረቂቅ የብር ቅንጣት የምንሠራው ባልሽ በሚያቀርብልን መርዛም ኬሚካል እንደነበር ታውቂያለሽ። የስንቱን ሠራተኛ ሳንባ በላ! አሁን የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ የብር ጨው የሟሟበት ውሃ ላይ ሳንጠባጥበው ውሃው ቀስ እያለ ቡናማ ይሆናል፤ ብሩ ወጣ ማለት ነው። መርዝ የለ፣ ሽታ የለ። አለቃችን ይህን አይቶ ያ ኬሚካል ከእንግዲህ በዚህ በር አይገባም አለ። ባልሽም ሰምቶ፣ ጉሮሮዬን ዘጋሽው አይደል አለኝ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ብቻዬን ሳለሁ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ብረት ይዞ ገባ። ቃል ሳይተነፍስ ብልቃጦቹን ያደቃቸው ጀመር። ተው ብዬ ስይዘው ትከሻዬን አለኝ፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ወድቄም አልማረኝ፤ ጎኔን ረገጠኝ፣ ፀጉሬን ጨምድዶ ግንባሬን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመው። ደሙ ዓይኔን ሞላው። እኔም የዋዛ አይደለሁም! ክንዱን ነክሼ ሥጋውን ሳልለቅ፣ የብር ጨው ያለበትን ጠርሙስ እጆቹ ላይ ደፋሁበት። ውሃ መስሎት ሱሪው ላይ ጠርጎ ሮጠ። ያ ነገር ግን ብርሃን ሲያገኘው ቆዳን ያጠቁራል፤ ቆዳው እስኪላጥ ሳሙና አያስለቅቀውም።

በማግስቱ ባልሽ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ይህን ያደረገ እጁ ይቆረጥ ብሎ አለቀሰልኝ። አሜን ልል ስል እጆቹን አየኋቸው፤ እስከ አንጓው ከሰል መስለዋል። የመኪና ግራሶ ነው አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ብርቱካኑን በግራ እጄ ተቀበልኩት። ከወጣ በኋላ ብርቱካኑን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩትና ነርሷን ፖሊስ ጥሪልኝ አልኳት።

ፖሊስ እዚህ ከተማ ያለው ቤቱ ሲደርስ ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል። ካንቺ በቀር የት መግቢያ አለው? ስልክሽ እምቢ ስላለኝ ይህን ወደ እናንተ አገር በሚመጣው በጎረቤቴ በሾፌሩ እጅ ልኬዋለሁ፤ ይቀድመው ይሆናል። እታለሜ፣ ያኔ ጥርስሽ ሲረግፍ ከደረጃ ወደቅኩ ስትይን አምነንሽ ነበር። አሁን አላምንም። በሩን አትክፈቺለት።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅሽን፣ ጎበዜ፣ ከእናትህ አትራቅ በይልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አባቷ በር ላይ ሆኖ ቢጠራት እንዳትወጣ ግን ያዣት።

እህትሽ
ከሆስፒታል፣ መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ
ሐሙስ፣ ሰኔ 5