ሜዳው ሜዳ የሆነበት ምክንያት

ውድ ወንድሜ ዴንቨር፣

ስልክ እንደማታነሳልኝ አውቃለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ስደውል ከርሜያለሁ። ትናንት በርህ ድረስ ብመጣም መጋረጃውን ፊቴ ላይ ዘጋኸው። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ስትናደድ ወረቀት መቅደድ የልጅነት አመልህ ነው፤ ይህን ግን አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው። ቁም ነገሩን ላስቀድም፦ ልጅህን ታሚንና ሕፃኗን ይዘህ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጣ። ከበላይህ ያለው ዳገት ሊናድ ነው።

«እትዬ ኔልዳ ደግሞ ጀመራት» እንደምትል ይሰማኛል። ብትል አልፈርድብህም። አባባ የሞተ ሰሞን ኑዛዜው ተነቦ ሜዳው ላንተ፣ ከሜዳው በላይ ያለው ገደል ለኔ ሲደርስ የሆንኩትን አገር አይቷል። ለቀስተኛው ባቄላውንና የበቆሎ ዳቦውን በልቶ ሳይጨርስ፣ «ለሱ ምድር፣ ለኔ ግድግዳ!» ብዬ ጮኽኩ። አንተም «ምን ቸገረሽ፣ አንቺ እንደሆንሽ ፍየል ነሽ» አልክና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያንን ሳቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሆዴ አላወጣሁትም።

የድሮ ካርታ ፍለጋ ውስጥ የገባሁትም በዚያ ቂም ነው። ጋሽ ኤስቲልን ታውቀዋለህ፤ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲቀይስ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የወረዳችንን አሮጌ ካርታዎች አልጋው ሥር ደርድሮ የጠፋ ትምህርት ቤትና ወፍጮ የሚፈልገው ሽማግሌ። «የቤተሰቤን ታሪክ ላጠና ነው» ብዬ ዋሸሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ የምፈልገው የጥንቱን ወሰን ነበር። ከሜዳህ ጥቂት ክንድ ቆርሼ ፍርድ ቤት ላቆምህ ነበር የተነሳሁት።

እሱ ምስኪን አመነኝ። ከበረዶው ማብቂያ ጀምሮ እየተከተልኩት ጫካ ለጫካ ዞርኩ። በ1915 የተነሳውን ካርታ ይዘን እንሄዳለን፤ በላዩ ያለው እያንዳንዱ ትንሽ ጥቁር ካሬ አንድ ቤት ነው። ቦታው ስንደርስ የጭስ ማውጫ ድንጋይ፣ የተደፈነ ጉድጓድ፣ አንዳንዴም በዛፎች መሀል የተሰለፈ ቢጫ አበባ እናገኛለን። «አበባ በራሱ ጊዜ አይሰለፍም» ይለኛል። «አንዲት ሴት ደጇ ላይ ተክላዋለች።» ለምን እዋሻለሁ፣ ወደድኩት። ወሰኑን የረሳሁባቸው ቀናትም ነበሩ።

ጥቅምት ላይ የኛን ሸለቆ ካርታዎች አወጣ። የ1915ቱንና የ1934ቱን ካርታ ደራርቦ በማድ ቤቱ መስኮት መስታወት ላይ ለጠፋቸው።

«ሜዳችሁ የታለ?» አለኝ።

«ይኸው» ብዬ አዲሱ ላይ ጠቆምኩት።

«እስቲ አሮጌው ላይ አሳዪኝ።»

ፈልጌ አጣሁት። ሜዳው ባለበት ቦታ የከፍታ መስመሮቹ ተጠባብቀው ጠባብ ሸለቆ ሠርተዋል። ከሥር ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙን ይዘው ሰባት ጥቁር ካሬዎች ተደርድረዋል። በ1934ቱ ላይ አንድም ካሬ የለም። መስመሮቹም ተራርቀዋል፤ ሸለቆው ሜዳ ሆኗል።

«ተሳስተው ይሆናላ!» አልኩ። «ያኔ በበቅሎ እየዞሩ አይደል የሚለኩት?»

«ቤት ሲቆጥሩ ይሳሳታሉ፤ እሺ። ወንዝም መንገዱን ይቀይራል፤ እሺ። ሸለቆ ግን ከላይ የመጣ ነገር ካልሞላው አይሞላም፣ ልጄ።» መነጽሩን አወለቀ። «መቃብራችሁ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ድንጋዮች፣ ቀናቸው መቼ ነው የሚለው?»

ቀኑን አንተም ታውቀዋለህ፣ ዴንቨር። በየዓመቱ ግንቦት ላይ መቃብር በምናስጌጥበት እሑድ አረሙን ነቅለን፣ አበባ አስቀምጠን፣ እዚያው ሣሩ ላይ ምሳ ስንበላ ፊት ለፊታችን ናቸው። አሥራ አንዱም ላይ መጋቢት 9፣ 1919 ይላል። አያታችንን ስንጠይቃት «ወረርሽኙ ነው የፈጃቸው፣ ብሉ አሁን» ብላ የዶሮ እግር ታስጨብጠን ነበር። እኛም በላን። ወረርሽኝ አሥራ አንድ ሰው ባንድ ጀንበር ይጨርሳል ወይ ብለን ሳንጠይቅ ሃምሳ ዓመት አበባ አስቀመጥን።

«እነዚህ እንግዲህ የተገኙት ናቸው» አለ ጋሽ ኤስቲል ቀስ ብሎ። «ሰባት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ብቻ አይኖርም ነበር።»

ቀሪዎቹ ዛሬም ሜዳህ ሥር ተቀብረው ነው ያሉት። ትዝ ያለኝ የአባባ አባባል ነው፦ «ሜዳ ለበቆሎ፣ ዳገት ለቤት።» እሱም አባቱም እየደጋገሙ ይሉት ነበር። አንተ በረዶ ሲጥል ውሃ ተሸክመህ ሽቅብ ስትወጣ «እነዚህ ስስታሞች ለበቆሎ ብለው ሰው ገደል ላይ ሰቀሉ» ትል ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። አባባሉ ወረደልን፤ ምክንያቱን ግን ለመንገር የፈለገ ሰው አልነበረም። በኛ ተራራ ሜዳ ያገኘ ሰው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅማ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርህ። ያን ዕለት አንተ ሜዳው ላይ ለምትሠራው ቤት የመሠረት ገመድ እየወጠርክ ነበር። ከመስኮቱ ተነስቼ ወዳንተ መሮጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ይኸውልህ ሜዳህ!» አልኩ በሆዴ። መኪናዬን እየነዳሁ ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር።

ማግስቱን ኅሊናዬ ቆጠቆጠኝና ልነግርህ ነዳጅ ማደያው ሱቅ መጣሁ። ከነዚያ ጓደኞችህ ጋር ቆመህ ነበር።

«መጣች የካርታዋ እመቤት!» አልክ። «ዛሬ ደግሞ ስንት ክንድ ቀማሁሽ?»

እነሱ ተንከተከቱ። የመጣሁበትን ዋጥ አደረግሁት። ዳቦ ገዝቼ ወጣሁ። በኅዳር ሲሚንቶውን አፈሰስክ፤ ታኅሣሥ ላይ ታሚ ሕፃኑን አቅፋ ገባች። የብርዱን ወራት ሁሉ ቁልቁል መብራታችሁን እያየሁ «መቶ ዓመት የቆመ ዳገት ነው፣ ምን ይሆናል» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ሰው ለእልሁ ሲል የማያምነው ነገር የለም።

የባሰም አለ። ከሁለት ዓመት በፊት «ገደሉ ምንም ካልሆነኝ ዛፉ ይሁነኝ» ብዬ ዳገቱን አስመንጥሬ ሸጥኩት። ያኔ ካርታውን አላየሁም፤ ይህን እውነት ያዝልኝ። ግን አፈሩን አንቆ የያዘው ሥር ያ ነበር። አሁን ጉቶው በስብሷል።

ዝናቡ ይኸው ዘጠነኛ ቀኑን ያዘ። ሰኞ ዳገቱ ላይ ወጣሁ። ከጉቶዎቹ በላይ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ እጄን ብሰድደው እስከ ክርኔ ገባ። ማክሰኞ ተመልሼ ስሰድደው እስከ ትከሻዬ ገባና የሚነካ ነገር አጣሁ። ከታች ያለው አጥር ወዳንተ ቤት ጎብጧል። ከዳገቱ ሥር የሚፈልቀው ምንጭም ማክሰኞ ደፍርሶ ሲወርድ ዋለ፤ ዛሬ ጠዋት ጭራሽ ቆሟል። በዚህ ሁሉ ዝናብ ምንጭ እንዴት ይደርቃል? ለጋሽ ኤስቲል ደውዬ ነገርኩት። እሱም «ውሃው ዳገቱ ውስጥ ሌላ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ዛሬ አውጪያቸው፣ ነገ አትበዪ» አለኝ። የወረዳውን ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉን ለመንኩት፤ ዋናው መንገድ ላይ ጎርፍ የበላውን ድልድይ እየጠበቀ «ሰው ከገዛ ቤቱ በግድ አላወጣም፣ ወንድምሽ አይደል፣ ንገሪው እንጂ» አለኝ።

ይኸው ነገርኩህ። ስድስት ወር ዘግይቼ ነገርኩህ። ሜዳውን አልፈልግም፤ ከሱ አንድ ጭብጥ አፈር አልፈልግም። በኋላ እንደፈለግህ ጥላኝ፤ ለጥላቻው በቂ ምክንያት ሰጥቼሃለሁ። ብቻ ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ውጡ። ልብስ አትልቀሙ፣ ቴሌቪዥኑን አትንቀሉ። መኪናዬን ከሜዳህ መግቢያ ድልድይ ማዶ፣ አለቱ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ቁልፉ እላዩ ላይ ነው።

ይህን ወረቀት በበሩ ሥር ከሰደድኩት በኋላ ወደ ቤቴ አልመለስም። ደጅህ ላይ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ብትሰድበኝ እሰማለሁ፣ ውሃ ብትደፋብኝ እንደሆነ መቼም ከዚህ በላይ አልርስም። ስትወጡ ከኋላችሁ እከተላለሁ። ካልወጣችሁ ግን አልነሳም፤ የኔ ተራራ ሲመጣ አራት ሆነን ነው የሚያገኘን።

በርህ ላይ ያለችው እህትህ፣
ኔልዳ