ሰባ ሁለቱ ደረጃዎች

ሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን
ከልብስ ስፌት ሱቃችን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ሆድሽስ ገፋ? እኛ በጣም ደህና ነን። እናትሽ እንደ ልማዷ ቀን እኔን ስትቆጣ ትውላለች፣ ማታ ስላንቺ ታወራለች።

«ደህና ነን» ስል እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሰባ ሁለት ደረጃ ከነስኳርህ አትችለውም፤ ስወልድ እማዬ ብቻዋን ትምጣ» ስትዪኝ «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። እሺ ያለው አፌ ብቻ ነበር። የመጀመሪያ የልጅ ልጄን በፎቶ ልተዋወቀው? ሞቼ ነው!

በማግስቱ የሱቃችንን ሕንፃ ደረጃ ቆጠርኩ። እስከ ላይ አምሳ አራት ነው፤ አሥራ ስምንት ያንሳል። ጨርቅ ሲያጥር ይቀጠል የለ? አንደኛውን ፎቅ ሁለቴ ልወጣው ወሰንኩ።

ጥድፊያዬን መቼም ታውቂዋለሽ። የጠዋቱን ኢንሱሊን ወጋሁ፣ ቁርሴን «ስመለስ» አልኩ፣ ስኳሬንም ሳልለካ ወጣሁት። አርባ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ ኖሬ የራሴን ስኳር መለካት ሰነፍኩ! ሰባ ሁለተኛዋን ረግጬ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። የስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላቤ ተንቆረቆረ። ከረሜላ እንዳለኝ ትዝ አለኝ፤ ያስቀመጥኩት ደግሞ የልብስ ቁልፍ የማጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቀይዋን አንስቼ ጎረስኩ። ብመጥ ብመጥ አትሟሟም።

እናትሽ ገባች። «አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው አፍህ ውስጥ?»

«ከረሜላ።»

«እስቲ ትፋው!»

ለጎረቤታችን መምህርት የምሰፋው ካፖርት ቁልፍ ነበረች።

እናትሽ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችኝ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቃ ለካችኝ፣ ከዚያ አበላችኝ። የፊቴ ቀለም ሲመለስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ግን ፊቷን አዙራ አለቀሰች። እሱ አንጀቴን በላኝ፣ ልጄ። መምህሯ ካፖርቷን ልትወስድ ስትመጣ «ጣዕሟ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ቁልፍ በላ ይለኛል።

አፍሬም ቢሆን ክሊኒክ ሄጄ አንድም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። ነርሷ «አባባ፣ ደረጃውን መቼ ከለከልኩዎት? ባዶ ሆድዎን ነው እንጂ!» አለች። ሐኪሙም የመድኃኒቱን መጠን አስተካከለልኝ። አሁን በልቼ፣ ለክቼ ነው የምወጣው፤ ዝቅ ካለ ትንሽ ነገር ቀምሼ እጠብቃለሁ። በየፎቁ ቆሜ እተነፍሳለሁ። እናትሽ ከኋላዬ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አንተ ግን ሳትፈለፈል ልትበር ነበር» ትለኛለች።

ጫማዬን ሳላራግፍ አላደርግም። ባለፈው ሳምንት ከውስጡ ስፒል ወደቀ! እግሬ እንደ ድሮው ስለማይሰማው እናትሽ ማታ ማታ መነጽሯን አድርጋ ታገላብጠዋለች፣ ልክ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሴት። ከረሜላውንም ከቁልፍ ለይቼ፣ ሸሚዞቼ ሁሉ ላይ የራሱን ኪስ ሰፋሁለት።

እና ስሚኝ ልጄ፤ ቅዳሜ ሰባ ሁለቱንም ወጣሁ። ላይ ስደርስ ለካሁ፣ ደህና ነው። ከዚያ መርፌ አወጣሁና ክር ሰካሁበት። በአንድ ሙከራ! እጄ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ብቻዬን ደረጃው ላይ ቆሜ እንደ ልጅ ጮህኩ። ሕፃን ማቀፍ ይችላል፣ ይሄ እጅ።

ሐኪሙ ሂድ ብሎኛል፤ ሁለት ትኬት ቆርጠናል። ደረጃው ላይ ስትሰሚን ልደግፈው ብለሽ ያንን ሆድ ይዘሽ እንዳትወርጂ። በርሽ ላይ ቁሚ። ብዘገይ አትስጊ፣ በየፎቁ እያረፍኩ ነው።

በሰላም ያገላግልሽ። ከኔ ዕድሜ ቀንሶ ለሁለታችሁ ይጨምርላችሁ ልል ነበር፤ ተውኩት፣ አሁን እኔም እፈልገዋለሁ።

አባትሽ፣
ቁልፍ በላ

ሳልነግርሽ የቀረ ነገር፦ ለሕፃኑ የሰፋሁት ልብስ ኪስ አለው። እናትሽ «ገና የተወለደ ልጅ ኪስ ምን ያደርግለታል?» ብላ ሳቀችብኝ። የሱ አይደለም። ሳቅፈው የሸሚዜን ኪስ ስለሚሸፍንብኝ ከረሜላዬ ቅርብ እንዲሆንልኝ ነው፤ ቶሎ ላስቀምጠው አልፈልግም።