ሰው ያልሞተበት አግዳሚ

እታለም፣ አሥራ አንድ ሆንን! ባለፈው ቅዳሜ እቤቴ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የመጣውን ሰው ብቆጥር አላመንኩም፤ ደግሜ ብቆጥርም ያው አሥራ አንድ። መቀመጫ አንሶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሁሉ ተቀምጠዋል። «ሰላምታው የት ሄደ፣ አሳዳጊ የበደላት!» እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ይኸው መጣሁ።

ውድ እህቴ እታለም ጽጌ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ያስለቅስሻል? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ጋሽ ሀብተሥላሴስ ሐኪሙ ያላቸውን ይሰማሉ ወይስ ዛሬም ሻዩን አጣፍጡልኝ እያሉ ያስቸግሩሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እታለም፣ በስልክ «ፋሲካን ብቻሽን ከዋልሽ ቤቱን ሽጠሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ ሌላ ወሬ አልሰማም» ብለሽ ቆርጠሽብኝ ነበር። እኔም ሳቅሁብሽ። ከሳቁ በኋላ ግን ስልኩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ፤ ልክ ነበርሽና። ኢያሱ ካረፈ፣ ልጄ ሔርሜላም ሐዋሳ ሥራ ከያዘች ወዲህ ይህ ቤት ምን እንደሚመስል ለማንም አልተናገርኩም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያ ሁሉ ሰው ይጨብጠኛል፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን የሚያንኳኳው ዝናብ ብቻ ነው፣ እሱም ቆርቆሮውን። ስመለስ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ሬዲዮ ከፍቼ ገበያ እሄድ ነበር። ባጃጅ ደጅ ላይ ሲቆም ብድግ እላለሁ፤ የጎረቤት እንግዳ ነው። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድቼ አንዱን መልሼ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የገለበጥኩበትንማ ተዪው።

በጥቅምት «ሰው ካልመጣ እኔ እጠራዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እቤቴ ጥናት አለ ብዬ እሁድ ለሁሉም ነገርኩ። የሚመጣው ሕዝብ በዓይኔ ታይቶኝ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ከፈለኝን ስድስት አግዳሚ ለምኜ አስመጣሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ሞኝነቴን እይልኝ! የእድር አግዳሚ ወደ ባል የሞተባት ሴት ቤት ሲገባ ሰፈሩ ምን ይላል? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰባት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። አንዷማ «ወይኔ ሔርሜላን!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ማንም እንዳልሞተ ስነግራቸው ግማሾቹ ሳቁ፣ ግማሾቹ «ሰው ሳይሞት የለቅሶ አግዳሚ ማውጣት ሟርት ነው» ብለው ተቆጡ። ለጥናት የመጣ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ወጡና ባዶ አግዳሚ መሀል ቆሜ ቀረሁ።

ሁሉም ስል፣ ከአንዷ በቀር። እትዬ በዛወርቅ የእድሩ ንብረት ያዥ ናት፤ ያን ቀን ከሺሺንዳ ገበያ ስትመለስ አግዳሚው መውጣቱን ሰምታ ዘንቢሏን እንደያዘች ነው የሮጠችው። «ለቅሶ ቤት ገብተው ሳይቀመጡ አይወጡም» ብላ ቁጭ አለች። «እሺ፣ ያልሽውን አንብቢ።»

እስከ ገና ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሌሎችም አንዳንዴ ይመጡና ይጠፋሉ። እኔ ደብተር ሙሉ ጽፌ እየተዘጋጀሁ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራለሁ፤ የስንት ጊዜ ዝምታ ተጠራቅሞብኝ! አንድ ቀን እትዬ በዛወርቅ «አብርሆት፣ አንቺ ስትናገሪ እኔ አስተዛዛኝ ይመስል አንገቴን ስነቀንቅ እውላለሁ። ጠይቂና ዝም በይ» አለችኝ። እኔን ዝም በይ! አኮረፍኩ። ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሰው አገር የቀበረችበትን አንብቤ «ምን የተሰማት ይመስልሻል?» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ብዙ ቆይታ «ለሰው ሐዘን አግዳሚ ሳወጣ ሃያ ዓመቴ ነው» አለች። «ልጄ በሰው አገር ሞቶ እዚያው ሲቀበር ግን አግዳሚውን ራሴው አውጥቼ፣ ራሴው ቆጥሬ መለስኩ። ተቀምጬ አላለቀስኩበትም።» እታለም፣ ያን ቀን ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም ለኢያሱ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ጥናቱን ሁለታችን ነን የምንመራው። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ እሷ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ትተርከዋለች፤ ከዚያ ጠይቀን ዝም እንላለን። የሰፈሩ እናቶች የመጡት በእሷ አፍ ነው።

ሔርሜላ ለፋሲካ ፈቃድ ስላልተሰጣት ብቻዬን መዋሌ ነው፣ እንዳልሽው ልሽጠው ብዬ የቤቱን ካርታ ከሳጥን አውጥቼ ነበር። የበዓሉ ዕለት ረፋድ ላይ እትዬ በዛወርቅ አግዳሚ አሸክማ ከች አለች። ደንግጬ ማን ሞተ ብላት «ማንም። የምንበላው አንቺ ጋ ነው» አለችኝ፤ የጥናቱ ሰዎችም ምግባቸውን ይዘው ተከታትለው ገቡ። አልዋሽሽም፣ ማታ ሲወጡ ቤቱ እንደ ድሮው ጭር ይላል፤ ብርጭቆ ሳጥብ አሁንም ይከፋኛል። ግን የማጥበው ብርጭቆ ብዙ ነው። ካርታውን መልሼ ሳጥን ውስጥ አስገብቻለሁ፤ አትቀየሚኝ።

ጋሽ ሀብተሥላሴን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትሕትናን ፈተናዋን በርትታ ታጥና በያት። ማሙሽን፣ ጢም አብቅሏል አሉ፣ ለእኔ ግን ያው ማሙሽ ነው፣ ጉንጩን ሳሚልኝ። አንቺን እዚሁ ወረቀቱ ላይ ስሜሻለሁ።

እህትሽ አብርሆት
ቦንጋ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውይ፣ ዋናውን ሳልነግርሽ ላሽገው ነበር! የማርቆስን ወንጌል ስንጨርስ እንደግሳለን፤ ሔርሜላም ፈቃድ አግኝታለች። ደጄ ላይ አግዳሚ ተደርድሮ ብታዩ እንዳትደነግጡ፣ ነጠላሽንም አስተካክለሽ ልበሺ። ቅዳሜ፣ ግንቦት 23፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ከቤታችሁ ማንም እንዳይቀር።