ዓይናቸው ያልተሣለው መምህር

ለተከበሩ አባቴ፣
በቆጂ

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለው? እህቴ አሰፋች የምትደርብልዎትን ጋቢ ለብሰው ይተኛሉ ወይስ አሁንም ሞቀኝ እያሉ ይጥሉታል? ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ጤና የሚጠይቀው ለወጉ ነው። እኔ ግን ምክንያት አለኝ፤ ባለፈው ሐሙስ አሰላ ከተማ እርስዎን ሞቱ ብላ አልቅሳልዎታለች። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እጄ ብቻ በቀለምና በብርድ ተሰነጣጥቋል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳይሉ። ስልኩን ያነሡና ድምፄን ሲሰሙ ለአሰፋች ያቀብሏታል። ምህንድስናውን ትቼ ሥዕል ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ነው የምንኖረው። ተመርቄም ያው፣ አውደ ርዕይ አሳይቼም ያው። ደብዳቤ ግን ለሌላ ሰው አያቀብሉም፤ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ነው የሚያነቡት። ስህተት ካገኙበት በቀይ እስክሪብቶ እንደሚያርሙትም አውቃለሁ፤ ያርሙት፣ አልቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሰላ ዕድሜዎን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት በዋናው መንገድ በኩል ያለውን ረጅም የግንብ አጥር ከተማሪዎቹ ጋር እንድንሥል እኔንና ሚፍታ የሚባለውን የሥራ ባልደረባዬን ጠራን። ርዕሰ መምህሩ አቶ የኋላሸት ሯጭ ይሣላል ብለው በልባቸው ጨርሰው ነበር። ተማሪዎቹ እምቢ አሉ። ፈናን የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አለች፣ ምላሷ ምላጭ ነው፤ ሯጭማ ከጮሌ እስከ በቆጂ ያልተሣለበት ግድግዳ የለም፣ ሯጮቹ ራሳቸው ሰልችቷቸዋል አለች። እንግዲያው ቤታችሁ ሄዳችሁ ማን ይሣል ብላችሁ ጠይቁ ብለን ላክናቸው። አባባ፣ እውነቴን ነው፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም። ከየቤቱ የመጣው የእርስዎ ስም ነው። የአንዱ አባት በእርስዎ ተገርፏል፣ የአንዷ እናት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ አልቅሳለች። የፈናን አያት ደግሞ በርሲሳ፣ መምህሩ፣ ብለው ስምዎን ሲጠሩ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ አለችን።

ስለዚህ ሣልንዎት። ግድግዳውን በካሬ ከፋፍለን ለእያንዳንዱ ልጅ ድርሻውን ሰጠን። እኛ ስንሠራ መጀመሪያ ሁሉንም በጥቁርና በነጭ እናስይዛለን፤ ቀለሙ በላዩ የሚመጣው በኋላ ነው። ልጆቹ ደግሞ ያስተማሩበትን ዘመን ከሥሩ እንጻፍ አሉ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው አልን። ያስቡት እስቲ። ግንብ የሚያህል የሽማግሌ ምስል፣ በጥቁርና በነጭ፣ ከሥሩ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መሐላቸው ሰረዝ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው ለማን ነው? ሁለት የተማርን ሠዓሊዎች ነን፤ አንዳችንም አላሰብነውም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ግን በጠዋት ሲያልፍ አየና ሥራውን ሠራ። በኋላ እንዴት ሳትጠይቅ ብለው ቢቆጡት፣ ትምህርት ቤት ከጻፈው በላይ ማንን ልጠይቅ አለ አሉ።

እኔ ያን ዕለት ቀለም ልገዛ አዳማ ወርጄ ነበር። ስመለስ መናኸሪያው በር ላይ ፀጉር ቤት ያላት አፀደ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እግዜር ያጥናሽ፣ ትልቅ ሰው አጣን አለችኝ። አባባ፣ ሥዕሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዓመተ ምሕረቱን ያስጻፍኩትም እኔ ነኝ። ግን መቼ፣ እንዴት ሳልል ባልዲውን ለቅቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምን እያልኩ እንዳለቀስኩ ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ። ሳያናግረኝ፣ ሳያናግረኝ ነበር የምለው። መናኸሪያው በሙሉ ሰምቷል። ሰማያዊው ቀለም ፈስሶ ቀረ፤ አሁንም አስፋልቱ ላይ አለ፣ ባጃጆቹ በላዩ ይሄዳሉ።

ሰው ደግፎኝ ትምህርት ቤቱ ስደርስ ግንቡ ሥር ለድንኳን የሚሆን እንጨት ያወርዳሉ። ከሲሬ ድረስ ለለቅሶ የመጡ ነበሩ። ፈናን መሰላል ላይ ወጥታ፣ ብሩሿን እያወዛወዘች፣ ቲቸር አልሞቱም፣ ገና ቀለም ስላልቀባናቸው ነው ትላለች፤ ማን ይስማት። አሰፋች ጋ ስደውል፣ ምን ሆንሽ፣ ቅንጬ እየበሉ ነው አለችኝ። እንደዚያ ቅንጬ ያለ ጣፋጭ ወሬ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ እንደሻው ደርሶ፣ ሟርት ነው፣ ወንድሜን በቁሙ ቀበራችሁት፣ ዛሬውኑ ይጥፋ አለ። አቶ የኋላሸትም ፈሩ። ምረቃው የዚህ ሳምንት እሑድ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ሕያው ሰው ካልመሰለ በኖራ አስቀባዋለሁ አሉኝ። አይጠፋም አልኳቸው። ፈናን ከኋላዬ ሆና፣ ሰው እንዲሣል የግድ መሞት አለበት ወይ አለች። ዝም አሰኘኋት፤ ግን ደስ ብሎኛል። በነጋታው ልጆቹ አንድም ሳይቀሩ መጡ፤ በዚያ ብርድ ቀለሙን አለበሱልዎት። ኮትዎ ቡናማ ነው፣ ኪሱ ጠመኔ የነካው ነው። ከጀርባዎ ጭላሎ ተራራ አለ፣ ከሥሩ የታጨደ ስንዴ። ጫማዎማ ያበራል። የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይንዎ። መነጽሩ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ያለን ፎቶ ከመምህራኑ ጋር የተነሡት ነው። ፀሐይ መነጽርዎን መትቶት ዓይንዎ ሁለት ነጭ ክብ ሆኗል። ፈናን በየቤቱ ዞራ ጠየቀች። ያስተማሯቸው ሰዎች ጫማዎን ያውቁታል፣ ኮቴዎን ያውቁታል፣ ጠመኔ የያዘ ጣትዎን ያውቁታል። ዓይናቸው ምን ይመስላል ሲባሉ ግን፣ ማን ቀና ብሎ አየ ይላሉ። አጎቴን ብጠይቀው ዓይን ዓይን ነው ብሎ ጮኸብኝ፤ እሱም አያውቀውም። አሰፋች፣ ቡናማ ነው እንደ ሰው ሁሉ አለች። እስቲ ፎቶ አንሺልኝ ብላት፣ ለማን እንደሆነ ሲሰሙ ፊትዎን አዞሩባት።

እኔስ? እሑድ እሑድ ጫማዎን የምወለውለው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ የያዝኩት ብሩሽ የጫማ ብሩሽ ነው፣ መጀመሪያ የቀባሁት ቀለም የጫማ ቀለም ነው፤ ሠዓሊ ያደረገኝን ሰው እንግዲህ ከዚያ ይፈልጉት። ሲያናግሩኝ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው ያደግሁት። ሥዕል ልማር ነው ያልኩዎት ቀን እንኳ ያየሁት ጫማዎን ነው። ተቆጥተው ይሁን አዝነው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀና ያልኩት ጀርባዎን ከሰጡኝ በኋላ ነው። ጀርባዎን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ያለ ፎቶም እሥለዋለሁ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ አልደብቅዎትም።

ሌላ ወሬ ልንገርዎት። ማክሰኞ ለምሳ ወጥተን ስንመለስ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ዱሬሳ፣ ጃርሳ ቶኮ፣ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ነበር አለኝ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ ከማዶ፣ የበቆጂ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ቆሞ ብዙ አየ አለ። ከዚያ መንገዱን ተሻገረና፣ የዚህ ሰውዬ የግራ ጫማ ክር ከላይ ሁለተኛዋን ቀዳዳ ይዘላል፣ ልጆቹ ተሳስተዋል፣ ንገራቸው አለው። ስሙን ቢጠይቀው፣ አላፊ ነኝ ብሎ ሄደ።

እውነቱን ነው፤ ይዘላል። ያበጠ እግርዎን እንዳይጫነው ነው። ክሩን ፈትቼ፣ ወልውዬ፣ መልሼ የማስገባው እኔ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ፤ ሥዕሉ ላይ ግን ረስቼው ነበር። ሰውዬው ምን ይመስላል ብዬ ጋሽ ዱሬሳን አልጠየቅሁም። ማክሰኞ አባባ የት ዋሉ ብዬ አሰፋችንም አልጠየቅኋትም። ክሩን አስተካክለነዋል።

አባባ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከጥበቃው ቤት አጠገብ ወንበር አስቀምጣለሁ። ፀሐይ እንዳይወጋዎት በጥላው በኩል ነው። ማውራት የለብዎትም። መነጽርዎን አውልቀው ይቀመጡ፣ እኔ ቀና ብዬ አይዎታለሁ። እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ሥራዬ ነው። ካልመጡ አጎቴ ኖራውን አዘጋጅቷል፤ ይቀባው። ኖራ በአንድ ክረምት ይታጠባል። እኔ ግን ሰኞ በበቆጂ ሚኒባስ ተሳፍሬ እመጣለሁ። አሰፋች በሩን ትከፍትልኛለች። ቅንጬዎን ሲበሉ ፊት ለፊትዎ ቁጭ ብዬ አይቼዎት እመለሳለሁ፣ ኖራውንም ፍቄ እሥለዋለሁ። ቢያናግሩኝም ባያናግሩኝም። አንድ ጊዜ መናኸሪያ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ ያንን ለቅሶ ሁለተኛ አላለቅሰውም።

ይህን ደብዳቤ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ዛሬውኑ ይደርስዎታል። ልጆቹ ሁሉ ሰላም ብለዋል። ፈናን ሒሳብ ትወዳለች፣ ግን አትንገሪብኝ ብላለች። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ አሰፋችንም ለእርስዎ ያቆይልኝ። ምርቃትዎን በቃልዎ ብሰማው እመርጣለሁ፤ ካልሆነም ባሉበት ሆነው ይመርቁኝ።

ጋሽ ዱሬሳ በሩን ክፍት ያደርገዋል። ቅዳሜ ግን ከማዶ አይቁሙ።

ጫማዎን የምትወለውለው፣
ልጅዎ