በእንግዳ ሙቀት የተለካ ቤት

ለመኖሪያ ቤቶች ሙቀት ጥበቃ ክፍል ክቡር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም ከወንበርዎ ጀርባ የቆመው ማሞቂያ እንደምን ሰነበታችሁ? አቤቱታ ይዤ ደጃፍዎ ላይ ተራ ስጠብቅ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ኮሪደሩ በሚያመልጠው ሙቀት ጉልበቴን አሙቄበታለሁና ውለታዎን አልረሳም።

እኔ ዕድሜዬን የከተማ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ በአንድ የኮንክሪት ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ ጋር የምኖር ሰው ነኝ፤ የምኖር ነበርኩ ብል ይሻላል። ባለቤቴ ሳንባዋን ታማ ሐኪሟ ብርድ እንዳያገኛት አደራ ስላለኝ፣ መሥሪያ ቤትዎ በየቤቱ ግድግዳና ጣሪያ የሚያስገባውን ብርድ መከላከያ እንዲሰጠን አመለከትን። እርስዎም ምን ያህል ውፍረት እንደሚያስፈልገን የሚገምት ባለሙያ ላኩልን፤ እግዜር ይስጥልን። ቅሬታዎቼ፣ ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነብኝ፣ የሚከተሉት ናቸው።

፩. ባለሙያዎ የመጣው ባለቤቴ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። እህቶቿ፣ የእህቶቿ ልጆችና የፎቁ ጎረቤቶች እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ሊሏት መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ሳይቀር ተደርድረዋል፤ ምድጃው ላይ ትልቁ ድስት ይንተከተካል። ሰውየው በትሕትና ጫማውን አውልቆ ገባ፣ የሙቀት መለኪያውን መደርደሪያው ላይ አኖረ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ፣ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ፣ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና ይህ ቤት ሙቀቱን አጥብቆ ይይዛል ብሎ መሰከረለት። የፈቀደልንም ለግድግዳው ስስ የብርድ መከላከያ ልባስ ነው፤ ለጣሪያው ምንም። እንግዶቹ ሲሄዱ ሙቀቱም ኮቱን ደርቦ አብሯቸው ወጣ። ባለቤቴም ሰውየው የለካው ቤታችንን ሳይሆን ዘመዶቻችንን ነው ብላ ሳቀች፤ ሳቋን ሳል አቋረጠው።

፪. ይህንኑ ላስረዳ ወደ እርስዎ መጣሁ። መስታወቱ የረገፈ አውቶቡስ እንኳ ሰው ሲሞላው እንደሚሞቅ፣ የመጨረሻው ተሳፋሪ ሲወርድ ግን መሪው እጅ ላይ እንደሚበርድ ነገርኩዎ። እርስዎም ግምቱ በሳይንሳዊ ቀመር መሠራቱን፣ በቀመሩም ውስጥ ዘመድ የሚባል ነገር አለመኖሩን በትዕግሥት አስረዱኝ። ድጋሚ ልኬቱ ተራውን ጠብቆ እንደሚደርሰንም ቃል ገቡልኝ። ቃልዎን አላጠፉም፤ አጠፉ ብሎ የሚያማዎ ቢኖር ፊት ለፊት የምሟገተው እኔ ነኝ።

፫. ተራው ሳይደርስ ክረምቱ ደረሰ። ጣሪያው ያልበው ጀመር፤ ውሃው ትራሷ ላይ ጠብ ሲል አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ እገፋ ነበር። የሹፌርነት ካፖርቴን አልብሻት ነበር የምትተኛው። እሷም፣ ካፖርቱን የለበስኩት እኔ ስለሆንኩ የምነዳውም እኔ ነኝ፣ አንተ አርፈህ ትኬትህን ቁረጥ ትለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ብጠራት ዝም አለችኝ። የገደላት ጣሪያው ነው አልልም፤ ሐኪሙም እንዲያ አላለም። ግን ብርድ እንዳያገኛት አደራ የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ አልቻልኩም፤ ሌት ተቀን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

፬. ድጋሚ ልኬቱ የደረሰን ከቀብር በተመለስን ማግስት ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብሎ፣ የተረፈው ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ባለሙያዎ ሲገባ ሊያስተዛዝነኝ የመጣ መስሎኝ ተነሥቼ አቀፍኩት። እሱም ደንግጦ ነፍስ ይማር አለና፣ መለኪያውን ከቦርሳው አውጥቶ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ከፎቶግራፏ አጠገብ አስቀመጠው። ታናሽ እህቷ እያለቀሰች ቦታ ለቀቀችለት። ውጤቱም ደርሶኛል፦ ቤቱ ሞቃት ነው፣ የመጀመሪያው ግምት ትክክል ነው፣ እንዲያውም ስሱ ልባስ ራሱ በልግስና የተሰጠ ነው። ስለ ልግስናዎ ምን እላለሁ!

አሁን ብጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባል አላጣሁትም፤ ለራሴም የምለምነው የለኝም። ነገር ግን ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ በቅርቡ ወልዳ ቤቷ በጠያቂ ተጨናንቋል፤ የልኬት ተራዋም ደርሷል አሉ። ስለ ሕፃኑ ብለው፣ ባለሙያዎ ጠያቂዎቹ እስኪሄዱ እንዲታገሥ ይዘዙልኝ።

ከወንበርዎ ጀርባ ያለው ሙቀት አንድም ቀን እንዳይለይዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ጣቶቼ በፈቀዱልኝ መጠን የፈረምኩት፣

የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሦስተኛ ልኬት ካስፈለገ ቤቱ አሁን ተዘጋጅቷል። እህቶቿም ወደየቤታቸው ተመልሰዋል፤ በሩን የሚያንኳኳ የለም። ባለሙያዎ በፈለገው ቀን ይምጣ፤ እኔም በትንፋሼ ቁጥሩን እንዳላዛባበት፣ ለክቶ እስኪጨርስ ደረጃው ላይ ወጥቼ እጠብቀዋለሁ።