ሎሚ እና የአተላው በርሜል

ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ሎሚ ከብዳለች! አራት ወሯ! ደህና አደርሽ እንኳን ሳልልሽ ዘረገፍኩት ደብተሬ። ሦስቴ በኮርማ ተጠቅታ አልይዝ ያለች ላሜ! የእንስሳት ዶ/ሩ እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ ዳስሶ ነው ያረጋገጠው። እንግዲህ ጭድ ብቻውን አይበቃትም። በከብት እርባታ ሥልጠናው እንደተማርኩት ዩሪያ ማዳበሪያ በውሃ አሟሟሁ፣ ጭዱን ረጨሁ፣ በላስቲክ አፈንኩ። ሦስት ሳምንት ታፍኖ፣ ተናፍሶ ነው የሚበላው። ሌላ በርሜል ስለሌለኝ በአተላው በርሜል በጠበጥኩት። የተረፈው እዚያው አለ፣ ለነገ ጭድ።

ጥቅ. 5፣ ማክሰኞ፣ 7 ሰዓት

ታደሰ፣ ባሌ፣ እንደ ልማዱ በርሜሉ ውስጥ ፉርሽካ ጣል አድርጎ አጠጣት። አተላ መስሎት። በየማለዳው የሚያደርገው ነው፣ ምን ያርግ! ያልነገርኩት እኔ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዷ ተነፋ፣ አረፋ ደፈቀች፣ ተብረክርካ ወደቀች። ዶ/ሩ በስልክ፦ አቼቶ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በሊትር በሊትር። ሱቅ ያላት ዘይነባ ያላትን ሁሉ በካርቶን ተሸክማ መጣች፣ «ዛሬ ካዛንቺስ ሰላጣ የሚበላ የለም!» እያለች። የማዶው ሆቴል ወጥ ቤትም በጀሪካን ላከ። ታደሰ አፏን ይዞ፣ እኔ በጠርሙስ።

ጋሽ ወልዴ፣ ቄራ የሚሠሩት ጎረቤታችን፣ ቢላ በጋዜጣ ጠቅልለው ከች። «አልማዝዬ፣ ነፍሷ ሳትወጣ እንባርካት።» «ቢላዎን ይዘው ይውጡልኝ!» አልኳቸው። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ዓይኗ እየተገለበጠ እንኳ እንድትታረድ አልፈለግኩም። አሁንም አልተነሳችም።

ጥቅ. 6፣ ረቡዕ

ቆማለች። አመሰኳች! ዶ/ሩ አስረዳኝ፦ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ዩሪያው ጥቂት በጥቂት ሲደርሳቸው ፕሮቲን ያደርጉታል። ባንዴ ሲወርድባቸው ግን አሞኒያ ሆኖ ደሟ ውስጥ ይገባል። አቼቶው ያንን ነው የሚይዘው። ጽንሱስ? አላውቅም አለ። ሁለት ሳምንት ጠብቂ።

ጥቅ. 12፣ ማክሰኞ

ጭራዋን ባነሳች ቁጥር «አስወረዳት» እላለሁ። መኝታዋን በእጄ እዳብሳለሁ፣ ደም ካለ ብዬ። ታደሰ በርሜል አይነካም፣ ቀና ብሎም አያየኝም። እኔም «ያንቺ ጥፋት አይደለም» የሚለኝ አጣሁ።

ጥቅ. 19፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ዶ/ሩ እጁን አስገባ። ወዲህ ወዲያ ዳሰሰ። ከዚያ ሳቅ አለ፦ «እጄን ገፋኝ!»

ደብተሬ፣ አለ! ጥጃው አለ! ታደሰን አቀፍኩት፣ ሰው ፊት። በርሜሉን ቀይ ቀለም ቀባሁት፣ የዩሪያ ብቻ። የታፈነውን ጭድ ሰኞ እከፍታለሁ፣ ከአሁኑ እፈራለሁ። መጀመሪያ ግን ድግስ። አቼቶ ያዋጣ በሙሉ ይምጣ፣ ዘይነባ፣ ወጥ ቤቶቹ፣ ዶ/ሩ። ጋሽ ወልዴም ይምጡ፣ ያለ ቢላ። እሁድ፣ ጥቅምት 24፣ 6 ሰዓት።